«አንጣላም» ዋጋ አይደለም



በመግሪብና በዒሻ መካከል ወደኔ ጠጋ የሚል ወጣት ድሮ የሚጠይቀኝ ስለ ውዱእ፣ ስለ ኒካሕ፣ አልፎ አልፎም ስለ ውርስ ነበር። አሁን አሁን ስልኩን አውጥቶ «ኡስታዝ፣ ይቺን ቻት ይዩልኝማ» የሚለኝ በዝቷል። ቻቱ ይለያያል፤ ታሪኩ ግን አንድ ነው። አንድ የልብስ ሱቅ፣ ካፌ ወይም የጥርስ ክሊኒክ አለ። ባለቤቱ የፌስቡክና የቲክቶክ ፔጁን የሚይዝለት ልጅ ይፈልጋል። ልጁ «ስንት ትከፍለኛለህ?» ማለት ያፍራል። ባለቤቱ ደግሞ «አንተ ብቻ ሥራው፣ በብር አንጣላም» ይለዋል። ሦስት ወር ይሠራል። ከዚያ ይጣላሉ።

እኔ ፔጅ አላስተዳድርም። ኮልፌ ውስጥ በአንድ መስጂድ ኢማሙን የማግዝ ሰው ነኝ፤ ስልክ ያለበት ሽምግልና ሲመጣ ኢማማችን ወደኔ ይመሩታል። «ቡስት» የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ጠይቀውኝ ሳስረዳቸው «ይሄማ ለለፋፊ የሚከፈል ነው» ብለው በአንድ ቃል ጨረሱት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቻት አንብቤያለሁ፣ ብዙ የተኮራረፈ ሰው አስታርቄያለሁ። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ከዚያ ያየሁትን ነው፦ በግላችሁ የሰው ፔጅ የምትይዙ ልጆች ሒሳባችሁን እንዴት ብትጠይቁ ሐላል ብራችሁን ታገኛላችሁ፣ ከደንበኛችሁም ጋር ሳትቀያየሙ ትኖራላችሁ።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። ከአጠና ተራ አካባቢ አንዲት እህት መጣች። ለአንድ የልብስ ሱቅ አራት ወር ፔጅ ይዛለች። ልብሱን ራሷ ፎቶ ታነሳለች፣ ዲዛይን ትሠራለች፣ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ «ዋጋው ስንት ነው?» ለሚል ሁሉ ኢንቦክስ ትመልሳለች። ባለሱቁ በአራት ወሩ መጨረሻ 5,000 ብርና አንድ ዓባያ ሰጣት። እሷ በልቧ በወር 8,000 አስባ ነበር። እሱ ደግሞ በልቡ «ገና ልጅ ናት፣ እየተለማመደች ነው፣ እኔ እያገዝኳት ነው» ብሎ ነበር። ሁለቱንም አነጋገርኳቸው። ወላሂ ሁለቱም አልዋሹም። ሁለቱም በልባቸው የያዙትን ውል ነው የነገሩኝ፤ ችግሩ አንዱ የሌላውን ልብ ማንበብ አለመቻሉ ነው።

ይህ ጉዳይ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በ676 ዓመተ ሂጅራ ወደ አኼራ የሄዱት ኢማሙ ነወዊ «ሚንሃጅ» በሚባለው ኪታባቸው፣ የኢጃራ ባብ ላይ፣ ልክ ይህንን ያነሱታል። ሰውዬው ጨርቁን ለልብስ ሰፊ ይሰጣል። ሰፊው ይሰፋዋል። ስለ ዋጋ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ሰፊው ክፍያ አለው ወይስ የለውም? ደረሶች ሆነን ስንቀራው ሁላችንም ለሰፊው አዝነን «አለው» እንል ነበር። ኪታቡ ያስቀደመው አቋም ግን «የለውም» ነው። ዋጋ ያልጠየቀ ሰው ጉልበቱን በነጻ እንደለገሰ ሊቆጠር ይችላል። ሁለተኛ አስተያየት «አለው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ይለያል፦ ሰውየው በዚያ ሥራ እየተከፈለው የሚታወቅ ከሆነ የአምሳያው ዋጋ ይከፈለዋል፣ ካልሆነ ግን የለውም።

ስፌትን በዲዛይን፣ መርፌን በስልክ ለውጡትና አንብቡት። ከስምንት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የተመላለሱበት ጥያቄ የእናንተው ጥያቄ ነው። ያቺ እህት በመጀመሪያው አቋም ብንሄድ አንድ ሳንቲም የላትም፤ የተሰጣትም ስጦታ ነው። እኛ በሦስተኛው ሄድን። እሷ በዚህ ሥራ የምትታወቅ ስለነበረች ሌሎች ሁለት ፔጅ የሚይዙ ልጆችን ጠርተን «ይህን ያህል ሥራ ስንት ትጠይቁበታላችሁ?» አልናቸው፤ መካከሉን ይዘን የተከፈላትን ቀነስን፤ ባለሱቁም አላህ ይስጠውና ቀሪውን በሁለት ጊዜ ከፈለ። ብሩን አገኘች። ደንበኛዋን ግን አጣች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ፔጁ ለሌላ ሰው ተሰጠ። የመጀመሪያው ቀን ላይ «በወር ይህን ያህል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትኖር ሁለቱም አይቀሩባትም ነበር።

ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት ግን የምትሸጡት ምን እንደሆነ ለራሳችሁ ለዩ። ጊዜያችሁን ነው? ሥራ ነው? ወይስ ውጤት? ብዙው ጭቅጭቅ የሚነሳው ደንበኛው አንዱን ገዝቻለሁ ሲል ልጁ ሌላውን ሸጫለሁ ስለሚል ነው።

ጊዜውን የሸጠ ሰው ፊቅህ «አጂር ኻስ» ይለዋል፤ በቀጠሮው ሰዓት ተገኝቶ ራሱን ካቀረበ ሥራ ባይሰጡትም ደመወዙ አለው፤ ግን በዚያ ሰዓት ለሌላ መሥራት አይችልም። ሥራ የሸጠ ደግሞ «አጂር ሙሽተረክ» ነው፦ እንደ ልብስ ሰፊ፣ ከሁሉም ይቀበላል፣ ለሠራው ይከፈለዋል። እናንተ አብዛኞቻችሁ ሁለተኛው ናችሁ። ሦስት አራት ፔጅ ትይዛላችሁ። ደንበኛው ግን እንደ መጀመሪያው ያያችኋል፤ ጁምዓ ከሶላት መልስም፣ እሁድ ማታም ይደውላል። ስለዚህ «በወር 8,000» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። በወር ምን ያህል ፖስት፣ ምን ያህል ቪዲዮ፣ ኢንቦክስ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ እርማት ስንት ጊዜ የሚለው በቁጥር ይቀመጥ። ቁጥሩ ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ 12 ብላችሁ 10 ማውጣት ሚዛን ማጉደል ነው፤ «ሙጠፊፊን» የእህል ሻጭ ሱራ ብቻ አይደለችም።

ከቁጥሩ በላይ ደንበኛው ሲጠይቅስ? ሁልጊዜ ይጠይቃል። «አንዲት ፖስተር ብቻ»፣ «ለልጄ ምርቃት ካርድ»። እዚህ ላይ ሱረቱል ቀሶስ ውስጥ ያለውን የነቢዩላህ ሙሳን (ዐ.ሰ) ውል አስታውሱ። ከመድየኑ ሽማግሌ ጋር የተስማሙት ስምንት ዓመት እንዲሠራ ነው፤ አሥር ቢሞላ ግን ከራሱ በጎ ፈቃድ ነው። ግዴታውና ትርፉ ገና ውሉ ላይ ተለይቷል። እናንተም ፖስተሩን ሥሩለት፣ ግን «ይህቺ ከውሉ ውጪ ናት፣ ከኔ ስጦታ ናት» ብላችሁ ላኩለት። በጎነታችሁ ስም ይኑረው። ስም ያልተሰጠው በጎነት በሁለተኛው ወር ግዴታ ይሆናል።

ውጤት መሸጥ ከባዱ ነው። «ፎሎወር 10 ሺህ ካደረስክልኝ ይህን እሰጥሃለሁ» ይላል ባለካፌው። ይህ በፊቅህ «ጁዓላ» ነው፤ ምሳሌውም ሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ አለ፦ የንጉሡን መስፈሪያ ላመጣ የአንድ ግመል ጭነት ተባለ። በጁዓላ ድካሙ ምን ያህል እንደሆነ ባይታወቅም ይሆናል፣ ሽልማቱ ግን የታወቀ መሆን አለበት፤ ያላመጣ ደግሞ ምንም የለውም። ስለዚህ የምትገቡበት ዓይናችሁ ተከፍቶ ይሁን። ስድስት ወር ለፍታችሁ 9,500 ላይ ብትቆሙ ባዶ እጃችሁን ናችሁ። ቁጥሩን ለመሙላት የውሸት ፎሎወር መግዛት ደግሞ ማጭበርበር ነው፤ ሰውዬው የፈለገው ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው እንጂ ቁጥር አይደለም። «ከሽያጬ 5 በመቶ» የሚለውን ውል ብዙ ዑለማዎች ክፍያው ስለማይታወቅ አይቀበሉትም፤ ከሐንበሊዮች የሚፈቅዱም አሉ። እኔ የምፈራው ሌላ ነው፦ መሳቢያውን የሚቆጥረው እሱ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። እንዲህ ካማራችሁ በፔጁ በኩል ለመጣ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የተቆረጠ ብር ተስማሙ፤ ትእዛዙም በእናንተ ኢንቦክስ በኩል ይለፍ።

ዋጋውን ስንት እናድርገው? ለሚለው እስቲ በቁጥር እንየው። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፣ የየራሳችሁን አስገቡበት። አንድ ልጅ በወር 24,000 ብር እጁ ላይ እንዲቀርለት ይፈልጋል። ለዳታ ጥቅል፣ ለታክሲ፣ ለኤዲቲንግ አፕ፣ ስልኩ ሲያረጅ መተኪያ ብሎ የሚያስቀምጠው ተደምሮ 6,000 ይወጣበታል። መሰብሰብ ያለበት 30,000 ነው። በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ በወር 200 ሰዓት ገደማ አለው። ከዚያ ውስጥ ግማሹ ግን ደንበኛ ፍለጋ፣ ከአየር ጤና መርካቶ በሚወስደው ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ መብራት እስኪመጣ በመጠበቅ ያልቃል። የሚሸጠው 100 ሰዓት ነው። ስለዚህ የአንድ ሰዓቱ ዋጋ 300 ብር ነው። የካፌው ሥራ በወር 30 ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ 9,000 ብር መጠየቅ አለበት። ይህን ስሌት ለደንበኛው ማሳየት ግዴታ የለበትም፤ እሱ ራሱ ግን ሊያውቀው ይገባል። «ያኛው ልጅ በ3,500 ነው የሚሠራው፣ እኔ በ3,000 ልሥራ» የሚል ልጅ ያንኑ 30 ሰዓት በሰዓት 100 ብር ሸጠ ማለት ነው፤ ሁለት ወር ሠርቶ ይሰለቸዋል፣ ሥራውን ያበላሻል፣ ደንበኛውም «እነዚህ ልጆች እምነት የላቸውም» ብሎ ለሌላውም ያወራል።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ጉዳይ ልምጣ፤ የቡስት ብር።

ፌስቡክና ቲክቶክ ለማስታወቂያ የሚቆርጡት በዶላር፣ ከካርድ ላይ ነው። ደንበኛው ካርድ የለውም፣ ልጁም የለውም፤ በመካከል ካርድ ያለው ሰው ይገባል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ሲለቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብር አለፈ። በዚያ ክረምት «ቡስትን ጨምሮ በወር ይህን ያህል» ብለው የተስማሙ ልጆች ከኪሳቸው ሲከፍሉ አይቻለሁ። አንዱ የሦስት ወር ድካሙ በሙሉ ማስታወቂያው ላይ አለቀበት። ስለዚህ የማስታወቂያ ብርና የእጅ ዋጋችሁ በአንድ ቁጥር ውስጥ በፍጹም አይቀላቀሉ።

ከመክሰር ይልቅ የሚብሰው ግን በሌላው በኩል ያለው ነው። ደንበኛው የሰጣችሁ የቡስት ብር አማና ነው፤ እናንተ በዚያ ብር ላይ ወኪል ናችሁ። የ100 ዶላር ተቀብሎ የ80 አስገብቶ፣ «100 ገብቷል» ማለት የእህል ነጋዴ ትርፍ አይደለም፤ ክህደት ነው። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» ያለኝ ልጅ ነበር። ለዚህ ነው ሁሉም የሚጠረጠረው። ለድካማችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ «ማስታወቂያውን የማስተዳድርበት 1,000 ብር» በሉና በግልጽ ጻፉት። የተቆረጠበትን ደረሰኝ ከማስታወቂያ አካውንቱ ላይ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ፤ የተረፈ ካለ መልሱ ወይም ለሚቀጥለው ወር ይሁን ብላችሁ አስፈቅዱ። ደግሞም «እኔ ልክፈልልህና በወሩ መጨረሻ ትንሽ ጨምረህ ትመልስልኛለህ» አትበሉ። ያ ብድር ነው፤ ለቆይታው የተጨመረው ደግሞ ሪባ ነው። መውጫው ቀላል ነው፦ የማስታወቂያ ብር በቅድሚያ ይላክ። ካልተላከ ቡስት የለም።

ቀን ላይም ተጠንቀቁ። እኛ አገር «ወር» ሦስት ዓይነት ነው። ደንበኛችሁ በኢትዮጵያ ወር ያስባል፣ ፌስቡክ በፈረንጅ ይቆጥራል፣ ረመዳን ደግሞ 29 ወይም 30 ሆኖ በሁለቱም መካከል ይገባል። በተለይ ጳጉሜን! ደመወዝተኛ የጳጉሜን አይከፈለውም የሚለው ልማድ በእናንተም ላይ ይመጣል። ነገር ግን የአዲስ ዓመት ገበያ ማስታወቂያ የሚጦፈው በእነዚያ አምስት ስድስት ቀናት ነው፤ በዓመቱ ውስጥ በጣም የምትሠሩበትን ሳምንት በነጻ ልትሰጡ ነው። ረመዳንም እንደዚያው ነው፤ የቴምሩም የዓባያውም ሱቅ ፖስቱን እጥፍ ይፈልጋል። የእነዚህን ዋጋ ከወራት አስቀድማችሁ ለይታችሁ ንገሩ።

ፔጁ ሲዘጋስ? ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። የካቲት 2015 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ያኔ የወር ክፍያ የነበራቸው ልጆች «ይከፈለኝ» ብለው፣ ባለሱቆቹ «ምን ሠራህና» ብለው ተካረሩ። በኢጃራ ሕግ የተከራያችሁት ቤት ቢፈርስ ከፈረሰበት ቀን ጀምሮ ኪራይ የለም፤ የተገዛው ጥቅም ቀርቷልና። በዚያ መንገድ ስናየው ምንም ሥራ ላልወጣበት ቀን ክፍያ መጠየቅ ከባድ ነው፤ በቪፒኤን ገብቶ ለሠራው ሰው ግን ሥራው ተሠርቷል፣ የተመልካቹ ማነስ የሱ ጥፋት አይደለም። ከሦስት ቀን በላይ ከተቋረጠ በቀን ተሰልቶ ይቀነሳል፣ ወይም ሥራው ወደሚቀጥለው ወር ይሻገራል የምትል አንድ መስመር ውሉ ላይ አስገቡ።

ይህን ሁሉ ለመጻፍ ጠበቃ አያስፈልግም። በቁርኣን ውስጥ ረጅሟ አያ፣ የበቀራህ 282ኛዋ፣ የምታወራው ዕዳን ስለ መጻፍ ነው፤ ትንሽም ትልቅም ቢሆን ከመጻፍ እንዳንሰለች ታዘናል። በቴሌግራም እንዲህ ብላችሁ ላኩ፦ «ከጥቅምት 1 እስከ 30፣ 12 ፖስትና 4 ቪዲዮ እሠራለሁ። ኢንቦክስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት እመልሳለሁ። እርማት በአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ። ዋጋው 9,000 ብር፣ ግማሹ ከመጀመሬ በፊት፣ ግማሹ በ25ኛው ቀን። የማስታወቂያ ብር ለብቻው በቅድሚያ።» እሱም «እሺ» ብሎ ይመልስ። በቃ፣ ውል አላችሁ። ትልልቅ ድርጅት ስትይዙ ግን ደረሰኝና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጠይቋችኋል። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መለያ ቁጥር ካላቀረበ ሰው ክፍያ ላይ 30 በመቶ እንዲቀነስ አዝዞ ነበር፤ አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ ከመፈረማችሁ በፊት ወረዳችሁ ያለው ገቢዎች ሄዳችሁ የአሁኑን ጠይቁ። ከዋጋችሁ ሲሶው ገደማ በድንገት ሲጎድል ማየት ያማል።

ስለ እኛም ልናገር፤ ስለ መስጂድና ስለ በጎ አድራጎት ፔጆች። «ለአላህ ብለህ ሥራልን» የምንለው እኛ ነን። ለአላህ መሥራት ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ልጁን ሳይጠይቁ በሱ ስም መነየት አይቻልም። ኒያ የሱ ናት። ሰደቃ ከሆነ «የሁለት ወር ሥራዬ ሰደቃ ነው» ብሎ ራሱ ይበል፣ የሚያበቃበትም ቀን ይኑረው። ካልሆነ ደግሞ ድምጽ ማጉያ ለሚጠግነው እንደምንከፍል ለእሱም እንክፈል። ለኤሌክትሪሻኑ «ሰዋብ ታገኛለህ» ብለን ሒሳቡን አንዘጋም፤ በስልክ ለሚሠራው ልጅ ግን እንላለን። ሥራው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለሚሠራ ቀላል ስለሚመስለን ይመስለኛል።

አልከፍል ስላለኝ ፓስወርዱን ልቀይርበት? ይህን ጥያቄ በወር አንዴ እሰማለሁ። የሐነፊ ኪታቦች የጨርቅ ቀለም ነካሪ ዋጋው እስኪከፈለው ጨርቁን መያዝ እንደሚችል ይጽፋሉ፣ ሥራው ጨርቁ ላይ ስላረፈ፤ ሸክም ተሸካሚ ግን ዕቃውን መያዝ አይችልም። ፔጅ ከየትኛው ይቆጠራል? በኔ እይታ ያላስረከባችሁት ቪዲዮና ዲዛይን እንደ ነካሪው ጨርቅ ነው፤ እስኪከፈላችሁ ያዙት። ፔጁ ራሱ ግን ከእናንተ በፊት የነበረ፣ የሱ ስምና የሱ ደንበኞች ያሉበት ነው። እሱን መቆለፍ ሱቁን በሌላ ቁልፍ እንደመዝጋት ነው። ደግሞም ለራሳችሁ አይበጅም፤ ዜናው መርካቶ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።

የሚያዘገየውን ሰው ግን ለዩት። ሱቁ ተቀዛቅዞ የከበደው ሰው ካለ ጊዜ ስጡት፤ ቁርኣኑም የሚያዘው ይህንኑ ነው። እያለው የሚያመላልሳችሁ ሰው ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በዳይ ብለውታል፤ እሱን ደግማችሁ ደጋግማችሁ መጠየቅ ነውር የለበትም። አትሳደቡ፣ ስቶሪ ላይ አታውጡት። የተስማማችሁበትን ጽሑፍ መልሳችሁ ላኩለት፣ ከሥሩ የቀረውን ብርና የባንክ ቁጥራችሁን አስቀምጡ። ሦስት ቀን ጠብቁ፣ ደውሉ። አሁንም ከሌለ እሱም እናንተም የምታከብሩትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የአንዱ ወር ሒሳብ ሳይገባ ግን የሚቀጥለውን ወር የመጀመሪያ ፖስት አታውጡ፤ ይህንንም መጀመሪያ በምትልኩት ጽሑፍ ላይ ጨምሩት።

ወላሁ አዕለም።